ተራራው አልነበረም፦ ባቡር ጎንደርን ከሦስት አቅጣጫ ቀርቦ ለምን አልገባም?

ከ1928 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጎንደር የሚቀርበው የባቡር ጣቢያ የት ነበር ቢባል ብዙው ሰው ለገሃር ወይም አስመራ ይላል። ሁለቱም አይደሉም። ሱዳን ውስጥ ያለው ገዳሪፍ ነበር። ካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ 275 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። የኤርትራው ሐዲድ መጨረሻ ቢሻ 320 ኪ.ሜ. ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 420 ኪ.ሜ. ገደማ ይርቃሉ። ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዮች፣ ጣሊያኖችና እንግሊዞች የዘረጓቸው ሦስት ሐዲዶች በሦስት በኩል ወደዚህ አገር ተጠግተው ቆሙ። ጎንደር የገባ ግን የለም።

ምክንያቱ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «አገሩ ገደል ነው፣ ሊማሊሞን በሐዲድ ማን ይወጣዋል?» የሚል ነው። ይህ መልስ አያስኬድም። ጎንደር ለመግባት ሊማሊሞን መውጣት ግድ አይደለም፤ በመተማና በጭልጋ በኩል ያለው አቀበት ደግሞ ጣሊያኖች በ1911 አስመራ ለመግባት ከወጡት የሚብስ አይደለም። ባቡሩን ያስቀሩት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የውጭ መንግሥታት እርስ በርስ የተዋዋሉት ውል፣ ሌላው የጭነት ማነስ ነው። የሐዲዶቹ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ አለመመሳሰልም አለ፤ እሱ ግን ከነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የጅቡቲው መስመር ታሪክ ብዙ ስለተጻፈበት እዚህ አጭር ይበቃዋል። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። ሰሜኑ ከመጀመሪያውም በሐሳቡ አልነበረም። ሥራው በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፤ ስፋቱ 1,000 ሚ.ሜ. ነበር። ፈቃዱ ላይ በስም የተጠቀሰችው ሐረር እንኳ አልደረሳትም። ተራራውን መውጣቱ ገንዘብ ስለሚበላ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከግርጌው ቀርቶ ድሬዳዋን ወለደ። ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፣ ሐዲዱ በ1913 አዋሽ፣ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪ.ሜ. ነበር። ለጎንደር የተረፋት ነገር ቢኖር የንግዱ ማዕከል ይበልጥ ወደ ደቡብ መሳቡ ነው። ከተማዋ በጥር 1888 በደርቡሾች ተቃጥላ ገና ሳታገግም ነበር ይህ የመጣው።

የኤርትራው መስመር ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት፤ ለጎንደር ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ነውና። የመጀመሪያው 27 ኪ.ሜ. ከምጽዋ ሰዓጢ የተዘረጋው የራስ አሉላ ጦር በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሰ በኋላ ነው። ያኔ የሚጫነው ወታደርና ስንቅ እንጂ ሸቀጥ አልነበረም። በ1888 ሰዓጢ ከደረሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተኛ። ማይ አጣል 1901፣ ጊንዳዕ 1904፣ ነፋሲት 1910፣ አስመራ 1911። ከዚያም ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ ከረን 1922፣ አቆርደት 1928፣ ቢሻ 1932። ስፋቱ 950 ሚ.ሜ. ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪ.ሜ. ብቻውን 30 ዋሻና 65 ድልድይ አለው። አቀበቱ በጣም በጠናበት ቦታ 35 በሺህ ይደርሳል፤ ባቡሩ 1,000 ሜትር ሲጓዝ 35 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ኩርባዎቹም ጠባብ ናቸው፤ ጠባቡ ራዲየስ 70 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ጊንዳዕን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከጊንዳዕ አስመራ በሐዲድ 48 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን በዚህ ርቀት ባቡሩ 1,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር 2,133 ሜትር ላይ። ልዩነቱ ያው 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ያውም ከመተማ ጎንደር ያለው መንገድ 200 ኪ.ሜ. ስለሚጠጋ ከፍታው የሚከፋፈልበት ቦታ በጣም ሰፊ ነው። በ35 በሺህ 1,400 ሜትር ለመውጣት 40 ኪ.ሜ. ይበቃል፤ በ25 በሺህ 56 ኪ.ሜ.፣ በ20 በሺህ 70 ኪ.ሜ. ያስፈልጋል። ችግሩ ከፍታው ሁሉ እኩል አለመከፋፈሉ ነው። ከመተማ በገንዳ ውሃ በኩል ያለው ቆላ ቀስ እያለ ነው የሚነሳው፤ ዋናው ግድግዳ ነጋዴ ባሕር ከሚባለው ቦታ ወደ ጭልጋዋ ከተማ ወደ አይከል ሲወጣ ያለው ነው። አይከል ላይ ከተደረሰ ጎንደር አጠገብ እስካለው አዘዞ ድረስ ደጋ ነው፤ ወጣ ገባ ይበዛዋል እንጂ አያስቸግርም። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሙሉ ጭንቀት በአንድ አቀበት ላይ ይወድቃል፤ ያ አቀበት ደግሞ በ1911 ዕውቀትና መሣሪያ የሚቻል ነበር።

ይቻላል ማለት ግን ያዋጣል ማለት አይደለም። በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ አንድ ሎኮሞቲቭ ስንት ይጎትታል የሚለውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የኤርትራው መስመር ለአቀበቱ የመረጠው ማሌት የሚባለውን ዓይነት ነው፤ የጣሊያኑ ፋብሪካ የአንሳልዶ 440 ተከታታይና በ1938 የመጣው 442 የታወቁት ናቸው። ማሌት አንድ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ይዞ ሁለት የጎማ ስብስብ አለው። የኋላው ከአካሉ ጋር የተጠበቀ ነው፤ የፊተኛው በኩርባ ላይ ግራና ቀኝ ይዞራል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ወደ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች በሙሉ ግፊት ይገባል፤ ከዚያ የተረፈው ጉልበት ወደ ፊተኞቹ፣ ሰፋ ወዳሉት ሲሊንደሮች ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ክብደቱ በብዙ ጎማ ላይ ስለሚበተን ቀጭን ሐዲድ ይሸከመዋል፤ 70 ሜትር ኩርባም ላይ አይጋደምም። ደካማ ጎኑ እንፋሎቱ ከኋላ ወደ ፊት የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቧንቧ ነው፤ መገጣጠሚያው በየጊዜው መጠቅጠቂያው ካልተቀየረ ያንጠባጥባል፣ የፊተኛው ስብስብ ጉልበት ያጣል፣ ሎኮሞቲቩም አቀበት ላይ ይንጠለጠላል።

አሁን ስሌቱ። 45 ቶን የሚመዝን፣ ክብደቱ ሁሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያረፈ ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን ጎማው ሳይንሸራተት የሚስበው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ 9 ቶን ጉልበት ማለት ነው። አቀበቱ ለእያንዳንዱ ቶን 35 ኪሎ ይይዛል። ጠባቡ ኩርባ 8 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ ጎማው ራሱ በደልዳላም ቢሆን 5 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ በቶን 48 ኪሎ ነው። 9,000 ለ48 ሲካፈል 187 ቶን፤ ከዚህ ላይ የሎኮሞቲቩ 45 ቶን ሲቀነስ 142 ቶን ይቀራል። ሐምሌ ላይ ግን ሐዲዱ እርጥብ ነው፤ የጎማው አያያዝ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 5,600 ለ48 ሲካፈል 117 ቶን፣ ሎኮሞቲቩ ሲቀነስ 72 ቶን። ዝናቡ ጭነቱን በግማሽ ቆረጠው። ይህም ቦይለሩ በቂ እንፋሎት ሰጥቷል ብለን ነው፤ በተግባር ከዚህም ያንሳል።

ለመንሸራተቱ መድኃኒቱ አሸዋ ነው፤ ከጎማው ፊት በቱቦ ይረጫል። አሸዋው ግን ፍጹም ደረቅ ካልሆነ በቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ በክረምት አገር ከአቀበቱ ግርጌ ያለ ጣቢያ ሁሉ አሸዋ የሚያደርቅ ምድጃ ያስፈልገዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በቫኩም የሚሠራ ፍሬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከውጭ አየር ግፊት ነው፤ በጎንደር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ፍሬኑም ያንኑ ያህል ይሰንፋል። ልክ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት በአይከል ማለት ነው። እንዲህ ባሉ መስመሮች በፉርጎዎቹ ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዙ ሠራተኞች ይቀመጡ የነበረው በዚህ የተነሳ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ቢውል ደግሞ ጎማው ግሎ ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት ይላላል። ስለዚህ አሥር ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት እያቆሙ ማቀዝቀዝ ይመጣል።

የጭነቱ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ72 ቶኑ ሲሶው የፉርጎው የራሱ ክብደት ነው ብንል የሚቀረው ሸቀጥ 48 ቶን ነው። አንድ በቅሎ 80 ኪሎ ይጭናል ብለን ብናስብ ይህ 600 በቅሎ ነው። በክረምት፣ በደካማው ቀን፣ አንድ ባቡር ብቻ! ጎንደር በዚያ ዘመን በየቀኑ ወደ መተማ የምትልከው 600 በቅሎ የሚጭነው ዕቃ ነበራት ወይ? አልነበራትም። አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር ነጋዴዎች የሚያወጡት የዘጌ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ዝባድ ነበር፤ የሚያስገቡት አቡጀዲና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ። ዝባድና ሰም ዋጋቸው ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ በበቅሎ ቢሄዱም ያዋጣሉ፤ ባቡር የሚፈልገው ግን ርካሽና ከባድ ጭነት ነው፤ እህል፣ ጥጥ፣ ጨው፣ ድንጋይ። ሲራራውም የሚንቀሳቀሰው በበጋ ብቻ ስለነበር ሐዲዱ ግማሹን ዓመት ባዶውን ይውል ነበር። ጎንደርን ከባቡር ያስቀራት ምንድነው ለሚል ሰው ከሊማሊሞ ይልቅ ይህን ቁጥር ማሳየት ይሻላል።

ሱዳኖች በኩል ያለው ሐዲድ የመጣው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ጥጥ ጎተተው። የሱዳን ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚ.ሜ. ነው፣ ከደቡብ አፍሪካው ጋር አንድ። በ1897 ከዋዲ ሃልፋ አቡ ሐመድ በረሃውን ሰንጥቆ የገባው የእንግሊዙ ጄኔራል የኪችነር የጦር ሐዲድ ነበር፤ በ1899 መጨረሻ ካርቱም ማዶ ደረሰ። ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው ከአትባራ ፖርት ሱዳን በ1906 ተከፈተ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን በዚሁ መስመር ላይ ሃያ ከምትባለው ጣቢያ የሚነሳው ቅርንጫፍ ነው፦ 347 ኪ.ሜ. ተጉዞ በ1924 ከሰላ ገባ፤ ዓላማው የጋሽ ወንዝ ዳር ጥጥ ነበር። ከዚያ ደቡብ ወርዶ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ደግሞ ሰናር ደርሶ ከካርቱም መስመር ጋር ተገጠመ።

ይህን መስመር ሲያዩ ጎንደሬዎች ልብ የሚሉት ነገር ቢኖር ወንዙ ነው። የአትባራ ወንዝ ምንጭ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ነው፤ እዚህ ጓንግ ይባላል። አንገረብና ተከዜም ቁልቁል ወርደው እሱኑ ይቀላቀላሉ። ከታኅሣሥ ወዲህ ታችኛው አትባራ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ በነሐሴ ደግሞ የሰሜን ተራሮችን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ በላዩ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የሚያሰላው የበጋውን ውሃ ሳይሆን ጎንደር ላይ የዘነበውን ክረምት ነው። በአትባራ ከተማ በ1899 የተሠራው ባለ ሰባት ቀዳዳ የብረት ድልድይ በአሜሪካው የፔንኮይድ ፋብሪካ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ነው፤ እንግሊዞቹ ፋብሪካዎች በተፈለገው ጊዜ አናደርስም በማለታቸው ጉዳዩ ለንደን ላይ ብዙ አነጋገረ። ከሰላ ገዳሪፍ ያለውም መስመር ይህንኑ ወንዝ ኻሽም ኤል ግርባ አጠገብ ቡታና በሚባል ድልድይ ይሻገራል። የጎንደር ውሃ ከጎንደር ጭነት በፊት ባቡር አየ ቢባል አያስኬድም አይባልም።

ከገዳሪፍ ወደ ጋላባትና መተማ የሚቀረው 150 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ አንድም ተራራ የለበትም። ግን ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ሐዲዱ በቀጥታ አፈሩ ላይ ከተጋደመ በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ሐዲዱን ከሚሸከሙት አግዳሚዎች ሥር ይገባል፤ ባቡር ሲያልፍበት ጭቃው በጎን እየተተፋ ይወጣል፤ አግዳሚው ሥሩ ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። በአንዱ ጎን ብቻ ሲሰምጥ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ባቡሩ ይስታል። መፍትሔው ይታወቃል፤ አፈሩን በግራና ቀኝ ቦይ እየቆፈሩ ከሜዳው ከፍ ማድረግ፣ በላዩ አሸዋ ወይም ቀይ አፈር ማንጠፍ፣ ከዚያ ነው ጠጠሩ። የሱዳን ሜዳ ላይ ግን ድንጋይ የሚገኘው ከሩቅ ነው፤ ስለዚህ በሸክላው ሜዳ ላይ ያሉት መስመሮች ብዙ ቦታ ጠጠር ሳይለብሱ ቀሩ፣ በክረምት ባቡሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄድ ነበር። አግዳሚውን ከእንጨት ማድረግም አያዋጣም፤ ምስጡ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የጅቡቲውም የኤርትራውም መስመር ብረት አግዳሚ የተጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ማገዶና ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ጥሩ የድንጋይ ከሰል ስድስት ሰባት ኪሎ ውሃ እንፋሎት ያደርጋል፤ ስለዚህ ሎኮሞቲቭ ከከሰል ይልቅ የሚጨርሰው ውሃ ነው። ከመተማ አይከል ባለው ቆላ በሚያዝያ ወንዞቹ ስለሚነጥፉ በየ25 ወይም 30 ኪ.ሜ. ጥልቅ ጉድጓድና ፓምፕ ይፈለግ ነበር። የጉድጓድ ውሃ ኖራ ካለበት ቦይለሩ ውስጥ ይጋገራል፤ የተጋገረው ሙቀት ስለማያሳልፍ ብረቱ ይግላል፣ ቧንቧዎቹ ጫፋቸው ላይ መፍሰስ ይጀምራሉ። በየተወሰነ ቀን ቦይለሩን አቀዝቅዞ፣ ክዳኖቹን ከፍቶ፣ በግፊት ውሃ ማጠብና ቅርፊቱን መፋቅ ግዴታ ነው፤ ይህም ሎኮሞቲቩን ከሥራ ያስወጣዋል። ማገዶን በተመለከተ ጭልጋ ራሱ የከሰል አገር ነው። ያለው ግን ሊግናይት፣ ያልበሰለው ዓይነት ነው። እርጥበቱና አመዱ ብዙ ነው፤ የአንድ ቶን ጥሩ ከሰል ሥራ ለመሥራት ሁለት ቶን ገደማ ይፈልጋል። የእሳት ሳጥኑ ሰፋ ብሎ ካልተሠራ እንፋሎቱ አይደርስም። ብልጭታውም የበጋውን ሣር ያነዳል፤ ተከምሮ ከቆየም በራሱ ይግላል። ለቋሚ ማሽን ይሆን ይሆናል፤ በ35 በሺህ አቀበት ላይ ግን አይመከርም።

ወደ ውሎቹ እንምጣ፤ ነገሩን የቆለፉት እነሱ ናቸውና። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል አምስተኛው አንቀጽ እንግሊዝ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ እንድታሳልፍ ይፈቅዳል። ይህ መስመር የታሰበው በምዕራቡ ቆላ ነው፤ ጎንደር መንገዱ ላይ አትገኝም። በዚያው ውል ሦስተኛው አንቀጽ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። እንግሊዝ ከጎንደር አካባቢ የምትፈልገው ውሃውን እንጂ ንግዱን አልነበረም ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ለንደን ላይ ተዋዋሉ። ፈረንሳይ የጅቡቲ አዲስ አበባውን መስመር ያዘች። እንግሊዝ የዓባይን ተፋሰስ ጥቅሟን አስከበረች። ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኝ ምድር የጥቅሟ ክልል መሆኑን አስጻፈች። አሁን ካርታውን ማየት ነው። ጣና የእንግሊዝ፣ የምዕራቡ መገናኛ የጣሊያን። ጎንደር የሁለቱ ጥቅም የሚደራረብበት ቦታ ላይ ወደቀች። አንዱ ሐዲድ ቢያስገባ ሌላው ይጮኻል፤ ስለዚህ ሁለቱም ድንበር ላይ ቆመው ተያዩ።

ይህን ለመፍታት የሞከሩት በታኅሣሥ 1925 ነው። እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተለዋወጡ፦ ጣሊያን እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራና ከሱዳን እስከ ጣና የመኪና መንገድ እንድታወጣ ትደግፋለች፤ እንግሊዝ በበኩሏ ከኤርትራ ወሰን ተነስቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ሶማሊያ የሚገባ የጣሊያን ሐዲድ ትደግፋለች። በወረቀት ላይ ከታሰቡት መስመሮች ሁሉ ወደ ጎንደር ሊጠጋ የሚችለው ይህ ብቻ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ፈረንሳይም አልወደደችውም። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው መለሱ፣ ነገሩም ተንጠልጥሎ ቀረ። በ1928 ጣሊያንና ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ ከአሰብ ደሴ የታሰበው የመኪና መንገድ ሆነ፤ ሐዲድ የሚባል ቃል ከሰሜን ጠፋ። የራስ ተፈሪ አቤቱታ ጎንደርን ባቡር አሳጣት የሚል ካለ፣ ያ ባቡር የማን እንደሚሆን መጀመሪያ ይመልስ።

ሐዲዶቹ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮስ? በ1932 ጣሊያኖች ቢሻ ሲደርሱ ከእንግሊዞቹ ከሰላ የሚለያቸው በቀጥታ መስመር 120 ኪ.ሜ. ገደማ ነበር፤ መሐል ላይ የተሰነይ ጥጥ አለ። ግን አንዱ 950፣ ሌላው 1,067 ነው። ሁለት ስፋት ያለው ባቡር በአንድ መስመር ለማስኬድ የሚደረገው አንዱን ሐዲድ የጋራ አድርጎ ሦስተኛ መጨመር ነው። ለዚህ የስፋቱ ልዩነት ቢያንስ የሐዲዱን እግር (ሰፊውን የታች ክፍል) እና የጎማውን ከንፈር (ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጠርዝ) የሚያስገባ መሆን አለበት። በጅቡቲውና በኤርትራው መካከል ልዩነቱ 50 ሚ.ሜ. ነው፤ በጅቡቲውና በሱዳኑ 67። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን በዚያ ክፍተት አይገባም፣ እግሮቻቸው ይደራረባሉ። በሱዳኑና በኤርትራው መካከል ያለው 117 ሚ.ሜ. ቢጨናነቅ ለቀጭን ሐዲድ ይበቃ ይሆናል፤ መስመር በሚቀየርበት ቦታ ግን ለጎማው ከንፈር ማለፊያ ማውጣት ያሰቃያል። የሚቀረው በአራት ሐዲድ መዘርጋት ወይም ጭነቱን በሰው ትከሻ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ማዛወር ነው። ለቡና ጆንያ ይህ ይቻላል፤ ለጨውና ለእህል ግን በየማዛወሪያው የሚፈሰውና የሚሰረቀው ትርፉን ይበላዋል። ሦስቱ መንግሥታት ሦስት ስፋት የመረጡት ለዚህ ተንኮል ነው ማለት አይቻልም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ጣሊያኖች በሚያዝያ 1936 ጎንደር ሲገቡ ውሉም ስፋቱም እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከተማዋን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ፣ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ገነቡባት። ባቡር ጣቢያ ግን አልሠሩም። በዚያን ጊዜ የጭነት መኪና ደርሶ ነበርና የመንገድ ሥራውን ስሌት ቀየረው። መኪና ከ70 በሺህ በላይ የሆነ አቀበት ይወጣል፤ ባቡር 70 ሜትር ራዲየስ የሚፈልግበትን ኩርባ መኪና በአሥራ አምስት ሜትር ይጠመዘዛል። ሐዲድ ሊወጣው የማይችለውን የሊማሊሞን ገደል የአስመራ ጎንደር የመኪና መንገድ በጥምዝ በጥምዝ ወጣው። ለምጽዋ አስመራም ቢሆን ሐዲዱ ለጦርነቱ ጭነት ስላልበቃ በ1937 በአጠገቡ 71.8 ኪ.ሜ. የገመድ ማመላለሻ ዘረጉ፤ ለሕዝብ ማጓጓዣ ደግሞ የፊያት ሊቶሪና የምትባለውን በሞተር የምትሄድ ፉርጎ አስገቡ። የእንፋሎት ባቡር አዲስ አገር የሚከፍትበት ዘመን እዚህ ላይ አበቃ።

የመተማ ጭልጋውን መስመር በራሱ ማስመር ለሚፈልግ ሰው ሥራው በአንድ ማስመሪያና ክብ በሚሳልበት ባለ ሁለት እግር ኮምፓስ ይሠራል። 1:50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትር ናቸው። በ25 በሺህ 20 ሜትር ለመውጣት 800 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህ ካርታው ላይ 16 ሚ.ሜ. ነው። በ35 በሺህ ከሆነ 11.4 ሚ.ሜ.። ኮምፓሱን በዚያ ልክ ከፍቶ መጀመር ያለበት ከላይ፣ ከአይከል በኩል ካለው የአምባው ጠርዝ ነው፤ የማይነቃነቀው ነጥብ እሱ ነውና። ከታች የጀመረ ሰው አናቱ ላይ ሲደርስ ገደሉ ሥር ይገባና ሁሉን ይሰርዛል። ከጠርዙ ጀምሮ ኮምፓሱን ከአንዱ የከፍታ መስመር ወደ ቀጣዩ ዝቅተኛ መስመር እያሻገሩ ቁልቁል መውረድ ነው። እግሩ ቀጣዩን መስመር ካልነካ ቦታው ከሚፈለገው በላይ ለዘብ ያለ ነው፤ ቀጥ ብሎ መውረድ ይቻላል። ሁለት መስመር ባንዴ ካለፈ ገደል ነው፤ ወደ ጎን እየዞሩ መሄድ፣ ወይም ዋሻ ማሰብ ይመጣል። ነጥቦቹ ሲገናኙ የሚወጣው የተሰባበረ መስመር ማዕዘኖቹ በኩርባ ይለሰልሳሉ፤ የ70 ሜትር ራዲየስ ካርታው ላይ 1.4 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ እርሳሱ በደንብ መቀረጽ አለበት። ኩርባ በገባበት ሁሉ አቀበቱን በስምንት በሺህ ገደማ መቀነስ አይረሳ፤ በ35 የተሰመረ መስመር ጠባቡ ኩርባ ላይ ወደ 27 ካልወረደ፣ ከላይ ኩርባው ተጨምሮ ከተሰላው 72 ቶን በላይ የጫነ ባቡር በክረምት እዚያው ይቆማል። የጓንግንና የገባሮቹን ማቋረጫ ለብቻ ምልክት ማድረግ ነው፤ የድልድዩን ከፍታ ግን ካርታ አይናገርም፤ የነሐሴ ጎርፍ ዛፍና አለት ላይ የተወውን ምልክት በበጋ ወርዶ መለካት ያስፈልጋል።